ዲኤክስ ስቴሽን ዋገን ላላችሁ፦ በስቱኮ የማይሸፍኑ ላሜሪስት አግኝተናል

እጃቸው ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን! ይህ ለአንድ ላሜሪስት (የመኪና ቦዲ ጠጋኝ) የቀረበ ምስጋና ነው፤ አሮጌ የጃፓን ስቴሽን ዋገን ግቢው አቁሞ ዝገቱ እንቅልፍ ለነሳው ሰው ደግሞ ጥቆማ ነው። መኪናው ዲኤክስ ነው፣ ቶዮታ ኮሮላ፣ ያ ከኋላ ረዘም ብሎ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው። ጃፓኖች ይህን ትውልድ ማምረት የጀመሩት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። የቤት መኪናው በሌላ ሞዴል ሲተካ ስቴሽኑ እስከ 1987 ቀጥሎ ስለነበር፣ ከሁሉም ታናሹ እንኳ ወደ አርባ ዓመት ተጠግቷል። ሞተሩ ሁልጊዜ ይጠገናል፤ መኪናውን የሚጨርሰው የቦዲው ዝገት ነው። እኚህ ሰው የሚያድኑት ደግሞ ቦዲውን ነው።

ከእሳቸው በፊት መኪናው ያየውን ግፍ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ስምና ሰፈር አንጠራም። አንዱ ጋ፣ ከበሮቹ ሥር ያለው የጎን ብረት ተበልቶ የተከፈተውን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦና በጋዜጣ ደፍነው፣ ላዩን ስቱኮ (ቀዳዳ መሙያ ሊጥ) ለብጠው፣ ቀለም ነፍተው "አዲስ ሆነ" ብለው አስረከቡ። ስቱኮ እርጥበት ይስባል፤ ከጀርባው ጤነኛ ላሜራ ከሌለ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ክረምት ሳይሞላ ቀለሙ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። ሌላው ጋ ደግሞ ዝገቱን ሳይቆርጡ በላዩ ላይ አዲስ ላሜራ ለጥፈው በየዱት። በሁለት ብረት መካከል የታፈነ ዝገት መብላቱን አያቆምም፤ እያበጠ ብየዳውን ራሱን ነቅሎ ይወጣል። የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹንም አብረው ደፈኗቸው። ይባስ ብሎ መኪናው ሲገባ የነበረው ካርቡራቶር ሲወጣ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ መልሱም "ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር" ሆነ። "ነገ ይደርሳል" የምትለዋንማ የዲኤክስ ባለቤት ሁሉ ያውቃታል።

እሳቸው የባለመኪናው ቤት ድረስ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን የሚይዙት ማግኔት፣ ትንሽ መዶሻና ጠመኔ ብቻ ነው። ማግኔቱ አልይዝ ያለበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ አለ፤ መዶሻው የታፈነ ድምፅ የሰጠበት ቦታ ብረቱ ሳስቷል። እያንዳንዱን በጠመኔ ከበቡት። ዋጋ የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም "ይህ የሚታየው ነው፤ ስንከፍተው ሊብስ ይችላል። ከባሰ ሳልቆርጥ በፊት ጠርቼ አሳያችኋለሁ" ብለው። እንዳሉትም አደረጉ። የተቆረጠውን የበሰበሰ ብረት እንኳ አልጣሉትም፤ ባለቤቱ እስኪያየው ግድግዳ ሥር ደርድረው ያቆዩታል።

ስቴሽን ዋገን ከቤት መኪናው የሚለይበት የዝገት ጠባይ አለውና ያላችሁ ዛሬውኑ እዩት። የኋላው ትልቅ በር የመስታወት ጎማ ሲደርቅ ውኃው በበሩ ሆድ ውስጥ ይወርዳል። ከታች ያሉት ትናንሽ መውጫ ቀዳዳዎች በአቧራ ከተደፈኑ ውኃው እዚያው ይተኛና የበሩን የታች ጠርዝ ይበላል። የጎን ረጃጅም መስታወቶች ጎማም እንዲሁ ነው፤ በሥሩ የገባው ውኃ የሚያርፈው የኋላ ጎማ ቅስት ላይ ነው። እዚያ ዝገቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ከውጭ የጥፍር ያህል እብጠት ስታዩ ውስጡ አልቋል ማለት ነው። የሾፌሩን ምንጣፍ አንሡና ሥሩን በእጃችሁ ዳስሱ። የባትሪው መቀመጫም የፈሰሰ አሲድ ሲጠጣ የኖረ ብረት ስለሆነ አትለፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከበሮቹ ሥር ያለው የጎን ሳጥን ብረት የመኪናውን ክብደት መሃል ላይ የሚይዘው ነው። ሳይደግፉ ከቆረጡት ቦዲው ይጎብጣል፤ በጎበጠበት አዲሱ ብረት ከተበየደ በሩ ዕድሜ ልኩን አይገጥምም። ብዙ ዲኤክሶች በራቸው በትከሻ እየተገፋ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። እሳቸው ግራይንደሩን ከማንሣታቸው በፊት መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ በአራት ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) አስቀመጡት። በሮቹን ፈትተው በእያንዳንዱ የበር ክፍት ቦታ ውስጥ፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ፣ ባለ 25 ሚሊ ካሬ ቱቦ ብረት በነጥብ ብየዳ አሰሩ። ከዚያ ክፍቱን ቦታ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለክተው ቁጥሮቹን በግቢው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፉ። ረዳታቸው "ጋሼ፣ ቀኑ ሄደ እኮ፤ እንቁረጠው" ሲል "በሩ የማይዘጋ መኪና ልታስረክብ ነው?" አሉት። ከብየዳው በኋላ ድጋፉ ሳይነሣ እንደገና ለኩ፤ ቁጥሩ ያው ነው። ድጋፉ ተቆርጦ በሮቹ ሲመለሱ በአንድ ጣት ተዘጉ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሳይጠየቅ የሚያደርግ ላሜሪስት ካለ ንገሩን፤ እሱንም እናመሰግናለን!

ብየዳውንም ጥቂት ላንሣ። የቦዲው ላሜራ 0.8 ሚሊ ገደማ ነው። የግቢ በር የሚበየድበት የኤሌክትሮድ ብየዳ ይበሳዋል፤ የኦክስጅን ብየዳ ደግሞ ሰፊ ቦታ እያሞቀ ያጣምመዋል። እሳቸው የሠሩት በሲኦቱ ብየዳ (ሽቦው በጋዝ ተከልሎ በሚቀልጥበት) ነው፦ አንድ ሴንቲ የምታህል ነጥብ ይመቱና ወደ ሌላው ጫፍ ይዘላሉ፣ ብረቱ እጅ እስኪያስነካ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ተደራርበው የሚገጥሙ ጠርዞች ላይ የላይኛውን በ6 ሚሊ መሰርሰሪያ በየ3 እና 4 ሴንቲው በስተው ቀዳዳውን በብየዳ ይሞሉታል፤ የፋብሪካውን የነጥብ ብየዳ የሚተካው ይህ ነው። ዝገቱን የሚቆርጡት እስከሚታይበት ብቻ አይደለም፤ ንጹሕ ብረት ከደረሱ በኋላም 2 ሴንቲ ይጨምራሉ። ለጎን ሳጥኑ ያስገዙት ባለ 1 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ነው። ከጣሪያ ቆርቆሮ የተረፈ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ይዞ መምጣት ክልክል ነው፤ ዚንኩ በሙቀቱ ጭስ ሆኖ በያጁን ያስተኩሰዋል፣ ብየዳውንም አየር የበዛበት ያደርገዋል።

ሥራው ቤት ውስጥ ስለሚካሄድ ስለ እሳት ያላቸው ጥንቃቄ ልዩ ምስጋና ይገባዋል። ባትሪው ይወጣል፣ የዲናሞው ሶኬት ይነቀላል። ከኋላ በኩል ከመበየዱ በፊት ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ወርዶ ከግቢው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። "ባዶ ነው እኮ" ለሚል ሰው መልሳቸው፣ ባዶው ከሙሉው ይብሳል የሚል ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ወንበርና ምንጣፍ ይወጣል፤ ረዳቱ እሳት ማጥፊያ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል። ብየዳው ካበቃም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያዩት አይሄዱም፤ የጨርቅ ፍም ዘግይቶ ይነሣል።

ስቱኮ አይነኩም ማለት አይደለም። ይነካሉ፤ ግን ከ2 ሚሊ ብዙም አያሳልፉም፣ ያውም ሁለት ድብልቅ ያለው ኢፖክሲ ፕራይመር ከደረቀ በኋላ በላዩ ላይ ነው። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩና በ180 እና በ320 ያለሰልሳሉ። የቀለሙ ቁጥር በሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ካለችው ሳህን ይነበባል። ቀለም የማዋሃዱን ነገር ግን አንነካውም፤ ያ በእሳቸውና በቀለም ቤቱ ሰው መካከል በዓይን ጥቅሻ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የተዘጉት የብረት ሳጥኖች ውስጥ በመውጫ ቀዳዳዎቹ በኩል የሰም መከላከያ ይነፋሉ። በየቦታው የለመድነው የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ አይጠቅምም፤ ይንጠባጠባል፣ አቧራ ይይዛል፣ የበርና የመስታወት ጎማዎችንም ያበላሻል።

ሌላው የወደድንላቸው የማያውቁትን "አውቃለሁ" አለማለታቸው ነው። ስለ ሞተሩ ሲጠየቁ "እሱ የእኔ ሙያ አይደለም፤ ሞተሪስት ይየው" ብለው አበቁ። ይህን ከሌላ ሰው ሰምተን አናውቅም! ሞተሩን ራሳችሁ ለምትነኩ፣ ባለ 1290 ሲሲው 4ኬ ከሆነ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ የማቀጣጠል ተራ 1-2-4-3፤ የካንዴላ ክፍተት 0.8 ሚሊ፤ የፑንቲና (የዲስትሪቡተሩ እሳት መቁረጫ) 0.45 ሚሊ፤ በብሎን የሚስተካከለው የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ሞቆ የማስገቢያው 0.20፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ፤ ዘይት ከነፊልትሮው 3.5 ሊትር። ድምፅ እንዲጠፋ ብሎ የቫልቩን ክፍተት ማጥበብ የማስወጫውን ቫልቭ ያቃጥላል፤ ትንሽ ቢያንኳኳ ይሻላል። ካንዴላው ሁልጊዜ ጥቁር ጥላሸት ከሆነባችሁ ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት ከፍታውን አስቡ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተቀየሰ ካርቡራቶር ቤንዚን ያበዛል።

ከሥር ግን የነገሩን አንድ ነገር ብዙ ገንዘብ አድኗል። ስቴሽኑ ከኋላ ባሌስትራ (የቅጠል ሞላ) ነው። የባሌስትራውን ጎሚኒ (በብሎኑ ዙሪያ ያለውን የጎማ ማቀፊያ) የቀየረ ሰው ብሎኖቹን መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ አጥብቆ ከጨረሰ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራልና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ለዘብ አድርጎ አስሮ፣ ጎማው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው ማጥበቅ። ጭነት ይችላል ብሎ ተጨማሪ ቅጠል መጨመርም ባዶውን መኪና ያንገጫግጫል፤ የምትደክሙበትን አዲስ ብየዳም ይመታዋል።

ለርክክብ ቀንም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ረዳታቸውን በኋላው ክፍል አስተኝተው፣ በሮቹን ሁሉ ዘግተው፣ ጣሪያውንና መስታወቶቹን በጎማ ቱቦ ውኃ አጠጧቸው፤ እሱ ከውስጥ በባትሪ እያበራ ጠብታ ይፈልጋል። ከኋላው በር የላይ ማዕዘን አንዲት ጠብታ ወጣች። መስታወቱን አውርደው ጎማውን እንደገና ገጠሙት። ደግነታቸው ግን ከዚያም ያለፈ ነው። ክፍያው ካለቀ ከወራት በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር፣ ማንም ሳይጠራቸው ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ምንጣፉን አንሥተው፣ የጎን ሳጥኑን መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ፈትሸው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። "ብር" ሲባሉ "ሥራዬን ለማየት ነው የመጣሁት" አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አለ!

ዕቃ ለምትፈልጉ፣ የመስታወት ጎማና የመብራት ሽፋን አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ በትዕግሥት ይገኛል። የበር ጎማ ስትገዙ የቤት መኪናው የፊት በር ይሆናል፤ የኋላውና የጎን መስታወቱ ግን የስቴሽኑ ብቻ ስለሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ደህና ቦዲ ያለው ስቴሽን ያላችሁ፣ እባካችሁ ለስቱኮ አትስጡት። ደግመን እንላለን፦ እባካችሁ!

ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዲለጠፍ አልፈለጉም፤ "ሥራ ይበዛብኛል፣ ሲበዛ ደግሞ ይበላሻል" ነው ያሉት። የእውነት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እናገናኛችኋለን። አንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ስለሚይዙ ተራ መጠበቅ አለ። ከመጻፋችሁ በፊት መኪናው የሚቆምበት ደልዳላ መሬትና ጣሪያ ያለው ቦታ፣ ለብየዳው የሚሆን አስተማማኝ መብራት እና ውኃ መኖሩን አረጋግጡ። ምንጣፉንም ቀድማችሁ አውጡት፤ መጀመሪያ የሚያዩት ከሥሩ ያለውን ነው።