ድሬዎች፣ «በነፃ እንገጥማለን» የሚባለውን ሀሞክ ተጠንቀቁ

ሰላም የድሬ ልጆች። ሰሞኑን ቤት ውስጥ የሚንጠለጠል ሀሞክ፣ ማለትም በሁለት ጫፉ ታስሮ ሰው የሚተኛበት ጨርቅ፣ ከነገጠማው የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ፎቶው ያምራል። «300 ኪሎ ይሸከማል፣ ቤታችሁ ድረስ መጥተን በነፃ እንገጥማለን» ይላሉ። ሀሞኩን የፈለገ ይግዛ፣ ጨርቁ ላይ የምለው ነገር የለም። ግድግዳችሁን እንዲበሱ ግን በፍጹም አትፍቀዱላቸው።

ለምን እንደሚሸጥላቸው ይገባኛል። ድሬ ከሰዓት ምን እንደምትመስል ለእናንተ አይነገርም። ሱቁ ሁሉ ዘግቶ ሰው ጥላ ይፈልጋል፣ ፍራሽ ላይ የተጋደመ ሰው ጀርባው በላብ ይርሳል፣ ሀሞክ ላይ ግን አየሩ ከታችም ከላይም ያገኛችኋል። እህቴም ለዚሁ ብላ ነው የገዛችው። ቤቷ ሳቢያን ነው፣ ኪራይ። ሁለት ልጆች ድሪል ይዘው መጡ፣ ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ ለኩ፣ በየጎኑ አንድ አንድ ቀዳዳ በሱ፣ ፊሸር (ቡሎኑን ቀዳዳው ውስጥ የሚይዘውን ፕላስቲክ) ከተው ማንጠልጠያውን አጠበቁና ሄዱ። ቡና እስኪፈላ እንኳን አልቆዩም።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት የእህቴ ባል ገና ከመጋደሙ አንደኛው ማንጠልጠያ ከነልስኑ ተነቅሎ ወጣ። ሰውዬው በጀርባው ሴራሚኩ ላይ ወደቀ። ገመዱ ተወጥሮ ስለነበር ብረቱ ተስፈንጥሮ በጆሮው ጎን ነው ያለፈው። ትንሿ ልጃቸው ሁልጊዜ ከሀሞኩ ሥር ነው የምትጫወተው፣ ደግነቱ ያን ሰዓት ጎረቤት ነበረች። ወገቡን እስካሁን ያመዋል።

ሄጄ ቀዳዳውን አየሁት። ልስኑ ሳህን በሚያህል ክብ ተገንጥሏል፣ ከሥሩ ያለው ብሎኬት ተሰብሮ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይታያል። ጣቴን ብሰድ ምንም አልነካም። የወጣው ፊሸር ከትንሿ ጣቴ የቀጠነ ግራጫ ፕላስቲክ ነው፣ ፎቶ ለመስቀል የምንገዛው ዓይነት። አንገቱ ላይ የብሎኬት ዱቄት ተለጥፎበታል፣ ጫፉ ግን ንጹህ ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም። ጫፉ ባዶው ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው የተሸከመው የብሎኬቱ ቀጭን ገጽ ብቻ ነው።

አብዛኛው የአሁን ቤት እንደዚሁ ነው። ኮለኑ (ቋሚ ምሰሶው) እና ቢሙ (አግዳሚው) ኮንክሪት፣ መሃሉ ብሎኬት። ብሎኬት ከላይ የሚጫነውን ይችላል። አንድ ነጥብ ላይ ይዞ ወደ ውጭ ለሚጎትተው ነገር ግን አልተሠራም።

ሻጩ ጋ ስንደውል ምን አለ? «300 ኪሎ ያልነው ጨርቁን ነው፣ ግድግዳው የእናንተ ነው።» በቃ። ሲሸጥ ግን ጨርቁን ከግድግዳው ለይቶ አልተናገረም።

ደግሞ ኪሎው ራሱ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። 80 ኪሎ የሆነ ሰው ቢተኛበት በየጎኑ 40፣ 40 ኪሎ የሚደርስ ይመስለናል። ሀሞክ ላይ ይህ አይሠራም፣ ሁሉም ነገር ያለው ገመዱ በያዘው አንግል ላይ ነው። ሰውዬው ተኝቶበት ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ሲያዘነብል እያንዳንዱ ማንጠልጠያ ወደ 80 ኪሎ ይጎተታል። ገመዱን ወጥራችሁ 10 ዲግሪ ብቻ ከቀረ፣ ያው ሰው በእያንዳንዱ ማንጠልጠያ ላይ ወደ 230 ኪሎ ይሆናል። ይህ ዝም ብሎ ሲተኛ ነው። ዘፍ ብሎ ሲቀመጥና ሲወዛወዝ ደግሞ ይጨምራል። እነዚህ ልጆች ፎቶ ላይ እንዲያምር ብለው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረው ነው የሚያስሩት። ለዚያ ፕላስቲክ ፊሸር ከዚህ የባሰ አገጣጠም የለም።

ሌላ ቦታ ሰው ቤት ውስጥ ሀሞክ አይሰቅልም ወይ? ይሰቅላል። ሜክሲኮ ውስጥ ዩካታን የሚባል ሞቃት አገር አለ፣ እዚያ ብዙ ሰው በአልጋ ፋንታ ሀሞክ ላይ ነው የሚተኛው፣ ቤት ሲሠሩ ማንጠልጠያውን ግድግዳው ውስጥ አብረው ይገነቡታል። ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ካላችሁ ይህንን አስቡበት፤ ኮለኑ ከመሞላቱ በፊት ከፌሮው ጋር የታሰረ ወፍራም የብረት ቀለበት አስቀብሩ፣ መሐንዲሳችሁንም አማክሩ። ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

ቤቱ ያለቀ ከሆነ ኮለኑን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ልስኑ ግን ስለሚሸፍነው በዓይን አይታወቅም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፣ ብሎኬቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ኮለኑ ደረቅና ድፍን ነው። ሲበሳ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። ድሪሉ ድንገት ስልት ብሎ ከገባ ብሎኬት ነው፣ ያኔ አስቁሟቸው፣ «ችግር የለውም፣ ትልቅ ፊሸር እንከታለን» ቢሏችሁ አትስሙ። ኮንክሪት ከሆነ ከጥግ እስከ ጥግ ይታገላል። ኮንክሪት ላይም ቢሆን ፕላስቲክ ሳይሆን ሲጠብቅ የሚሰፋ የብረት ቡሎን ነው የሚያስፈልገው፣ ማንጠልጠያውም አፉ ክፍት ያልሆነ ድፍን ቀለበት። ኮርኒሱን ጭራሽ እርሱት። የጭቃ ግድግዳም አይሆንም።

አንግሉን ለመለካት ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ሰው ተቀምጦበት፣ ከማንጠልጠያው ወደ መሃል 1 ሜትር ስትሄዱ ገመዱ 58 ሳንቲም ያህል ወርዶ መገኘት አለበት። ከዚያ በጣም ካነሰ ተወጥሯል፣ ገመዱን አስረዝሙት።

ተከራይ ከሆናችሁ ምንም አታስበሱ። እህቴን ከሁሉም በላይ ያናደዳት አከራይዋ ግድግዳውን አሠሪ ማለታቸው ነው፣ እሳቸውም እውነታቸውን ነው። በያጅ ጋ ሄዳችሁ በቱቦላሬ ራሱን ችሎ የሚቆም ማቆሚያ አሠሩ። ውድ ነው፣ አልዋሽም። ግን ቤት ስትቀይሩ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። እግሩ ሰፊ ይሁን እንጂ ሌላው ለበያጁ ቀላል ነው።

ግቢ ውስጥ ብቻዋን የቆመች የጡብ ወይም የብሎኬት ምሰሶ ላይም ሀሞክ አታንጠልጥሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ሀሞክ የታሰረበት የጡብ ምሰሶ ተንዶ የሞቱ ልጆች አሉ። ከላይም ከጎንም የያዘው ነገር የሌለ ምሰሶ ወደ ጎን ሲጎተት ሙሉውን ይመጣል። መረብ ሆኖ የተሠራው ሀሞክ ደግሞ ለትንንሽ ልጆች ጭራሽ አይሆንም፣ ተጠምዝዞ አንገት ላይ ይጠመጠማል፣ አሜሪካኖቹ በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 ሚሊዮኖችን ከገበያ አስመልሰዋል። ሕፃን ደግሞ የትኛውም ሀሞክ ላይ አታስተኙ፣ አንገቱ ታጥፎ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

ከእነዚህ ሰዎች ገዝታችሁ ያሰቀላችሁ ካላችሁ፣ አቦ ዛሬውኑ አውርዱት። ማንጠልጠያውን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ዙሪያውን ልስኑ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ መውጣት ጀምሯል። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ስላለ ብቻ አትመለሱ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ካልሰሟችሁ ንግድ ቢሮ አመልክቱ። «300 ኪሎ» ያሉበትን ማስታወቂያ ሳያጠፉት ስክሪንሾት አንሱ። አከራያችሁ ቢቸኩሉም ቀዳዳውንና የወጣውን ፊሸር ፎቶ ሳታነሱ አታስለስኑ።