ባለብስክሌት የድሮ ፎቶ፦ ካርቶኑ ወይስ ፖስትካርዱ?

ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የፈረንጅ ባለብስክሌቶችን የስቱዲዮ ፎቶ ስሰበስብ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ካርቶኑ፣ ማለትም ካቢኔ ካርድ የሚባለው፣ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎቶ ነው፣ 11 በ16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከታች ብዙ ጊዜ የስቱዲዮው ስምና ከተማው ታትሞበታል። ሰውየው የተቀባ ጫካ ከኋላው ተዘርግቶ፣ መሪውን እንደ ፈረስ ልጓም ጨብጦ ሲኮራ ማየት ነው! ብስክሌቱም ዕድሜ ያወጣል፤ ሮቨር የሚባለው የእንግሊዝ ብስክሌት ገበያ የወጣው በ1885 (በፈረንጅ) ስለሆነ፣ እኩል ጎማና የኋላ ሰንሰለት ካየህ ፎቶው ከዚያ ወዲህ ነው ብለህ ጀምር።

ፖስትካርዱ፣ ማለትም በፖስታ በሚላክ ካርድ ላይ የታተመው ፎቶ፣ በኋላ የመጣ፣ ቀጭን፣ ብዙ ጊዜም ርካሽ ነው። የፖስታ ማኅተም ካለው ግን የተላከበትን ቀን ቁጭ አድርጎ ይነግርሃል። ደግሞ የኛ አገር ጉም አይምረውም፤ ይጠቀለላል፣ መስታወት ላይ ከተጣበቀማ አለቀለት።

እኔ ካርቶኑን ነኝ። ፖስትካርድ የምገዛው ማኅተሙ ጥርት ብሎ ከተነበበ ብቻ ነው።