ለጎሼ በሽታ በደም ሥር የሚሰጠው ይሻላል ወይስ እንክብሉ?

የአክስቴ ልጅ ቱሉ ዲምቱ ነው የምትኖረው። ጣፊያዋ አብጦ የቀሚሷ ዚፕ አልዘጋ ሲል ነው ነገሩ የታወቀው። ጎሼ ስፊንጎሊፒድ ከሚባሉት የሰውነት ስቦች አንዱን የሚፈጨው ኢንዛይም ሲያንስ የሚመጣ ነው። ያልተፈጨው ስብ ጣፊያ፣ ጉበትና መቅኔ ውስጥ ይጠራቀማል።

በደም ሥር (ኢሚግሉሴሬዝ)፦ የጎደለውን ኢንዛይም ይተካል። በ2 ሳምንት አንዴ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይንጠባጠባል። መንገዱ ያደክማል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥም አለበት፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

እንክብሉ (ኤሊግሉስታት)፦ ስቡ ሲመረት እንዲቀንስ ያደርጋል። ቤት ይዋጣል፣ ፍሪጅ አይፈልግም። ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ግን ይጋጫል። ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ መድኃኒቱን ጉበት ውስጥ የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። እነሱ ጋ መድኃኒቱ ቶሎ ተሰባብሮ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ያለ ዘረመል ምርመራ አይጀመርም።

ዋጋ፦ ሁለቱም በግል ኪስ አይቻሉም።

ለልጅና ለነፍሰ ጡር የመጀመሪያው ይመረጣል። ምርመራው ለፈቀደለት፣ ዓይነት 1 ጎሼ (አንጎልን የማይነካው) ላለበት አዋቂ፣ በተለይ ከሐኪም ቤት ርቆ ለሚኖር፣ እንክብሉ ትልቅ እፎይታ ነው።