ስቦ መያዝ ወይስ አስወጥቶ? ሁለቱ የሳንባ ሲቲ ስካን መልኮች

የደረት ሲቲ ስካን የተነሣ ሰው «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ» የሚለውን ትእዛዝ አይረሳውም። ምክንያት አለው። ሳንባ በአየር ሲሞላ ይሰፋል፣ በምስሉም ላይ ይጠቁራል፤ የደም ሥሮቹ ይራራቃሉ፣ ትንሽ እብጠት እንኳ በጥቁሩ መደብ ላይ ጎልታ ትታያለች። ሲቲ ስካን የአካልን ጥግግት በቁጥር በሚገልጽበት በሃውንስፊልድ መለኪያ ውኃ 0፣ አየር ደግሞ ከዜሮ በታች 1000 ነውና፣ አየሩ በበዛ ቁጥር በሳንባውና በእብጠቷ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል።

አየር አስወጥቶ ሲነሡ ሳንባው ይሰበሰባል፣ ግራጫም ይሆናል። ይህ ግራጫነት ጤነኛውን ሳንባ የታመመ ሊያስመስለው ይችላል። ልምድ ያለው ሐኪም ግን በቀላሉ አይታለልም፤ የዋናውን የአየር ቧንቧ የኋላ ግድግዳ ያያል። ወደ ፊት ከጎበጠ ታካሚው አየሩን አስወጥቷል ማለት ነው።

ታዲያ ሁለተኛው ለምን ይጠቅማል? የትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ሕመም ሲጠረጠር ወደር የለውም፦ አየር ታግቶ የቀረበት ክፍል፣ ዙሪያው ሲነጣ፣ እሱ እንደጠቆረ ይቀራል። ለተለመደው ምርመራ ግን ያለማመንታት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። መሃል ላይ የሚያመልጥ ትንፋሽ ምስሉን ስለሚያደበዝዘው፣ ለእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች አስቀድሞ መለማመድ አይከፋም።