የውሃ ክፍያ፦ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ ማስቆረጥ ወይስ በየወሩ በስልክ መክፈል?

የቤት ውሃ ክፍያን ወረፋ ሳይጠብቁ ለመፈጸም ከሚያስችሉ መንገዶች አንደኛው ለባንክ ቋሚ ፈቃድ ሰጥቶ ገንዘቡ በመክፈያው ቀን ከሒሳብ ላይ በቀጥታ እንዲቆረጥ ማድረግ ሲሆን፣ ሌላው ሒሳቡ በመጣ ቁጥር በስልክ ራስ መክፈል ነው።

ቀጥታ ቆረጣ በመርሳት የሚመጣን ቅጣትና የአገልግሎት መቋረጥ ያስቀራል። ከቤት ርቆ ለሚቆይ ወይም ለአረጋውያን ወላጆቹ ለሚከፍል ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በዕለቱ በሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ከሌለ ግን ክፍያው አይፈጸምም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገንዘቡ በራሱ ስለሚሄድ ከፋዩ የቆጣሪውን ንባብ መመልከት መተዉ ነው። ከመሬት በታች የተሰነጠቀ ቧንቧ ወይም ያለማቋረጥ የሚያፈስ የመጸዳጃ ቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ድምፅ ሳያሰማ ብዙ ውሃ ሊያባክን ይችላል፤ በቆጣሪው ላይ የጨመረው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1000 ሊትር መሆኑን ያስተዋለ ሰው ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይረዳል። ሒሳቡ በግምት የተሠራ ሲሆንም ስህተቱ ሳይታይ ለወራት ሊቀጥል ይችላል።

በስልክ የሚከፍል ሰው መጠኑን አይቶ ስለሚያጸድቅ ያልተለመደ ጭማሪን ቶሎ ያስተውላል፤ ነገር ግን ከደንበኛ ቁጥሩ አንዱን አኃዝ ቢሳሳት የሌላ ሰው ዕዳ ሊከፍል ስለሚችል፣ ከማጽደቁ በፊት የሚታየውን ስም ማመሳከርና ደረሰኙን ማስቀመጥ አለበት።

በእኔ እምነት ገቢው ለሚዋዥቅ ቤተሰብ የሚሻለው በስልክ መክፈል ነው። ቀጥታ ቆረጣን የመረጠ ደግሞ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ቆጣሪውን ራሱ አንብቦ ከሒሳቡ ጋር ያስተያይ።