ስድስት ቀጠሮ እና አንድ የመስታወት በር

መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞቹ በነጻ ስላመጣው የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት ጠያቂዬ ስለበዛ ልጻፈው።

በባንክ ገንዘብ ከፋይነት ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ክረምት ጠዋት ፊቴን መታጠብ እንኳ ዳገት ሆነብኝ። አንድ እስር ብር ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኛለሁ፤ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለውን ከኪሴ እሞላለሁ። ባልደረቦቼ «ፍቅር ይዟት ነው» አሉ፤ እናቴ ጸበል ልውሰድሽ አለች።

በአማካሪዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቅ፣ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ወረቀት ሰጠችኝና ከ27 18 አመጣሁ። ትንሽ ማምጣት የሚያስደስትበት ፈተና ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። «ስንፍና አይደለም፤ ድባቴ ነው» አለችኝ። ቀጥላም «ምሳ ከማን ጋር ነው የምትበዪው?» ስትለኝ መልስ አጥቼ አለቀስሁ። ወደ ሐኪም የላከችኝም እርሷ ናት፤ መድኃኒቱ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚወስድ አስቀድማ ባትነግረኝ ኖሮ በአምስተኛው ቀን እጥለው ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሐኪም ማስረጃ ያለው ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እየተከፈለው ሊታመም እንደሚችል የሰማሁትም ከእርሷ እንጂ ከሰው ሀብት ክፍል አይደለም።

ችግሩ ሌላው ሁሉ ነው። ክፍሉ ያለው ከሰው ሀብት ቢሮ ፊት ለፊት ነው፤ በሩ መስታወት ነው። ለመውጣት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ መፈረም አለበት፤ ቅጹ ላይ «የጉዳዩ ዓይነት» የሚል ቦታ አለ። እኔ «ጥርስ» እያልሁ ሞላሁ። በአራተኛው ጊዜ አለቃዬ ብዕሩን አንሥቶ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ጥርስ ነው ያለሽ?» አለኝ። ደግሞም ቀጠሮው ስድስት ብቻ ነው፤ እኔ አፌን የፈታሁት በአምስተኛው ነው።

ቢሆንም ሂዱ። ከቻላችሁ ፎቁ ጭር የሚልበትን የ11 ሰዓቱን ቀጠሮ ያዙ። ሰሞኑን ቅሬታ ሲበዛ መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፈውበታል፤ ከታች አንድ ክንድ ያህል ስለቀረው ጫማ ይታያል። ቡናማው የእኔ ነው።