ፖስትፊክስ ስሙን ሳያውቅ ሲነሳ፦ ጥሩ ሰርቨር፣ ዝምታው ግን ያስከፍላል

በዩኒክስ ሜይል ሰርቨሮች (ኢሜይል የሚልኩና የሚቀበሉ ፕሮግራሞች) ዘንድ የማሽኑ ሙሉ ስም፣ ማለትም ከዶሜይኑ ጋር ያለው እንደ «ሜይል.ምሳሌ.ኮም» ያለው፣ ሲጠፋ ጠባይ ይለያል። ሴንድሜይል ይጮኻል፤ ፖስትፊክስ ዝም ይላል። ለዕለት ሥራ ፖስትፊክስ የተሻለ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሙሉ ነጥብ አያገኝም።

ማሽኑ «ሜይል» ብቻ ተብሎ ከተሰየመና ዶሜይኑ ካልተገኘ፣ ሴንድሜይል «ማይ አንኳሊፋይድ ሆስት ኔም» (ስሜ ሙሉ አይደለም) የሚል ማስጠንቀቂያ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ላይ ጽፎ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። ደግሞ ሞክሮ ካልሆነለት በአጭሩ ስም ይነሳል። ያሰለቻል፣ ግን ችግሩን አይደብቅም። ፖስትፊክስ ግን ከ2.3 ወዲህ «ሎካልዶሜይን» የሚል ቅጥያ ለጥፎ ሥራውን ይቀጥላል። ላኪው «ሩት@ሜይል.ሎካልዶሜይን» ሆኖ ይወጣል፤ ተቀባዩ ሰርቨር ዶሜይኑን ፈልጎ ሲያጣው በ450 ኮድ ሊመልሰው ይችላል። 450 ደግሞ ጊዜያዊ እምቢታ ነው፦ መልእክቱ ወረፋ ላይ እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ የዘገየ መልእክት ማሳወቂያውም ሲጫን ጀምሮ ዝግ ነው። ይህን ማሳወቂያ የሚወስነውን «ዲሌይ_ዋርኒንግ_ታይም»ን 4 ሰዓት ማድረግ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው ነገር ነው።

ጥገናው ራሱ ቀላል ነው። ማሽኑ ስሞችንና አይፒዎችን በሚያዛምድበት በ/ኢቲሲ/ሆስትስ ፋይል ውስጥ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ አይፒ፣ ቀጥሎ ሙሉ ስም፣ መጨረሻ አጭር ስም ነው፦ «127.0.1.1 ሜይል.ምሳሌ.ኮም ሜይል»። አጭሩ ከቀደመ ሙሉ ስሙን የሚጠይቀው «ሆስትኔም ሰረዝ ኤፍ» ትእዛዝ አጭሩን ይመልሳል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የክላውድ ማሽን ከሆነ ክላውድ-ኢኒት (ማሽኑን ሲነሳ የሚያዋቅር ፕሮግራም) ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ፋይሉን መልሶ ሊጽፈው ስለሚችል፣ «ማኔጅ_ኢቲሲ_ሆስትስ» የሚለውን ቅንብሩን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ሲጫን የነበረው ስም በፖስትፊክስ የቅንብር ፋይል በሜይን.ሲኤፍ ውስጥ «ማይሆስትኔም» ተብሎ ተጽፎ ይቀራል፤ የማሽኑ ስም በኋላ ቢቀየርም ፖስትፊክስ በአሮጌው ይቀጥላል። /ኢቲሲ/ሜይልኔምም እንዲሁ፦ ያለ ዶሜይን ለሚላኩ አድራሻዎች ቅጥያ የሚሆነው እሱ ነው። ሦስቱንም (ሆስትስን፣ ማይሆስትኔምንና ሜይልኔምን) አስተካክሎ «ፖስትፊክስ ሪሎድ» ማለት፣ ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ ማዘዝ፣ ይበቃል። በሜይን.ሲኤፍ ውስጥ ከእሴቱ አጠገብ በዚያው መስመር አስተያየት መጻፍ አይቻልም፤ አስተያየቱ የስሙ አካል ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ችግሩን ለመገላገል ብሎ «ማይሆስትኔም»ን ያለ ማሽን ስም ዶሜይኑን ብቻ ማድረግ ነው፤ «ምሳሌ.ኮም» ብሎ። «ማይዴስቲኔሽን» (ፖስታቸው እዚሁ ማሽን ላይ የሚያርፍ ስሞች ዝርዝር) በነባሪው ይህን ስም ስለሚይዝ፣ ፖስትፊክስ የዶሜይኑ ፖስታ ሁሉ እዚሁ ማሽን ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። የድርጅቱ ሜይል ጎግል ላይ ሆኖ ድረገጹ ብቻ እዚህ ካለ፣ ከድረገጹ ፎርም ለሠራተኞቹ የሚላከው ሁሉ «550 5.1.1 ዩዘር አንኖውን» (እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም) ተብሎ ይመለሳል፤ ውጭ ላለ ሰው የሚሄደው ግን በደህና ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው ጥፋቱን ጎግል ላይ ይፈልጋል፤ መልእክቱ ግን ከማሽኑ አልወጣም። መፍትሔው ስሙን «ሜይል.ምሳሌ.ኮም» ማድረግና «ምሳሌ.ኮም»ን ከ«ማይዴስቲኔሽን» ማውጣት ነው። ዶሜይኑ በ«ቨርችዋል_ሜይልቦክስ_ዶሜይንስ» (የማሽኑ ተጠቃሚ ላልሆኑ ሰዎች የፖስታ ሳጥን የሚይዙ ዶሜይኖች ዝርዝር) ካለም ከ«ማይዴስቲኔሽን» ይወጣል፤ ሁለቱም ቦታ ሲገኝ፣ ለነገሩ፣ ፖስትፊክስ ያስጠነቅቃል።

ውስጡ ተስተካክሎ ውጪው ካልተስማማ ዋጋ የለውም። ጂሜይል ከ2024 ጀምሮ ላኪ አይፒው የፒቲአር መዝገብ (አይፒውን ወደ ስም የሚመልስ) እንዲኖረውና ስሙም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ እንዲያመራ በግልጽ ይጠይቃል። ፒቲአሩን የሚያስገባው ዶሜይኑን የሸጠው ሳይሆን አይፒውን የሰጠው ድርጅት ነው። አይፒቪ6 ክፍት ከሆነ ለእሱም ያስፈልጋል፤ ካልተዘጋጀ የሚጠቀምበትን አይፒ የሚወስነውን «ኢኔት_ፕሮቶኮልስ»ን በአይፒቪ4 ብቻ መወሰን ይሻላል። ይህ ለውጥ በሪሎድ አይያዝም፤ ፖስትፊክስ ቆሞ መነሳት አለበት።

ሎግ ላይ ደጋግሞ የሚታየው «ሆስትኔም … ደዝ ኖት ሪዞልቭ ቱ አድሬስ» (ስሙ ወደ አድራሻው አያመራም) የሚለው ማስጠንቀቂያ ግን ስለ እኛ ሰርቨር አይደለም። ሊገናኝ የመጣው እንግዳ ሰርቨር የዲኤንኤስ መዝገቡ (ስሙና አይፒው) አለመስማማቱን ነው የሚናገረው። ፖስትፊክስ ስለ ሰው ስም እንዲህ አፉን ይከፍታል፤ ስለ ራሱ ነው ዝም የሚለው።